የሞኖንጋ መበለቶችና የከሰሉ ኮረብታ

በምድጃ አጠገብ ተቀምጦ እሳት የሚሞቅ ሰው ሙቀቱን ይወዳል እንጂ፥ ማገዶው ከወዴት እንደ መጣ፥ ማንስ እንደ ተሸከመው የሚጠይቀው ጥቂት ጊዜ ነው። ነገር ግን ባቡር የሚሽከረከርበት፥ ብረት የሚቀልጥበት፥ ከተማም የሚበራበት ኀይል ሁሉ በመጀመሪያ ከአንድ ሰው ጕልበት የወጣ ነው። ያም ሰው ቤት አለው፤ ሚስት አለችው፤ ማታ ማታ ከደጃፍ ቆመው መንገድ መንገዱን የሚያዩ ልጆች አሉት። የቤቱ አባት አንድ ቀን ሳይመለስ የቀረ እንደ ሆነ፥ የማገዶው እውነተኛ ዋጋ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጻችን የመረጥነው ነገር፥ በሩቅ አገር ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ነው። ከተማይቱ ትንሽ ናት፤ በውስጥዋ የሆነው ነገር ግን ትልቅ ነው። ትምህርቱም ቤት ለሚያስተዳድሩ ብቻ ሳይሆን፥ መዝገብ ለሚይዙና ሕግ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ጭምር የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ የእኛ አቈጣጠር ነው ብለን ካልገለጽን በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ከተማይቱና ሕዝብዋ

ሞኖንጋ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፥ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፥ አፓላቺያ በሚባለው ረጅም የተራራ ሰንሰለት ውስጥ፥ ዌስት ፎርክ ከሚባለው ወንዝ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። በ2020 የሕዝብ ቈጠራ ሲደረግ ነዋሪዎችዋ አንድ ሺህ አልሞሉም። ከፍ ያለችው ጎረቤትዋ ፌርሞንት የምትባለው ከተማ ስትሆን፥ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው።

በእነዚህ ተራሮች ሆድ ውስጥ ፒትስበርግ የሚባለው ወፍራም የድንጋይ ከሰል ንጣፍ ተኝቷል። የድንጋይ ከሰል ማለት ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በረግረግ ቦታ በቅለው የነበሩ ዛፎች በአፈር ተቀብረው፥ ከላያቸው ባለው ክብደትና ከምድር በሚወጣው ሙቀት ብዛት ወደ ጥቍር ድንጋይነት የተለወጡ ናቸው። የብረት ማቅለጫዎችና የባቡር ሐዲዶች በአሜሪካ በበዙ ጊዜ ይህ ጥቍር ድንጋይ እንደ ወርቅ ተፈለገ። ከብቶች ይሰማሩበት በነበረው ሸለቆ ውስጥ በጥቂት ዓመታት የኵባንያ ቤቶች ተደርድረው ቆሙ።

ለሥራው ሰው ቢፈለግ ከብዙ አገር መጣ። ሞሊዜና ካላብሪያ ከሚባሉት ድኻ የኢጣሊያ አውራጃዎች ገበሬዎች መሬታቸውን ትተው በመርከብ ተሻገሩ። ከፖላንድና ከስሎቫኮች አገር፥ ከሌላም የአውሮጳ ምሥራቃዊ ክፍል ብዙዎች መጡ። ከአሜሪካም ተወላጆች ነጩም ጥቍሩም ከእነርሱ ጋራ ተሰለፈ። በአንድ መንደር ውስጥ ብዙ ቋንቋ ይነገር ነበር። ኢጣሊያኖችና ፖላንዶች ሁለቱም የሮማ ካቶሊኮች ሳሉ፥ ንስሓቸውን በየቋንቋቸው ለመናገር ሲሉ ሁለት ቤተ ክርስቲያን በየራሳቸው ሠሩ።

የቤት እመቤቲቱ ቀን

ሠራተኛው የሚኖርበት ቤት የኵባንያው ነበረ። ዱቄትና ጨው፥ ጫማና ጨርቅ የሚገዛበትም ሱቅ የኵባንያው ነበረ። በብዙዎቹ የከሰል ከተሞች ደመወዝ የሚከፈለው በመንግሥት ገንዘብ ሳይሆን፥ ኵባንያው ራሱ ባሠራው የናስ ወይም የወረቀት ምልክት ነበረ፤ ያም ምልክት ከኵባንያው ሱቅ ወጥቶ በሌላ ቦታ እንደ ልብ አይሠራም። ስለዚህ ገንዘቡ በአንድ በር ወጥቶ በሌላው በር ይመለስ ነበር። ከዚህም በላይ ቈፋሪው ዶማውንና አካፋውን፥ ከሰሉን የሚያፈርስበትን ባሩድና የመብራቱን ዘይት የሚገዛው ከራሱ ደመወዝ ነበረ።

በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ቤቱ ሳይፈርስ እንዲቆም የምታደርገው ሴቲቱ ነበረች። ሥራዋን የምትጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ምድጃውን አንድዳ፥ ዳቦውን ቈርሳ፥ ለባልዋ ከቈርቈሮ የተሠራውን የምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች፤ ከታች የሚጠጣው ውኃ፥ ከላይ ምግቡ ይያዝበታል። በኋላ ዘመን፥ በ1927 ገደማ፥ ቀድሞ በከሰል ጕድጓድ ሠርቶ የነበረ ጁሴፔ አርጂሮ የሚባል ኢጣሊያዊ ዳቦ ጋጋሪ፥ በፌርሞንት ቅመም የበዛበትን ቋሊማ በሊጡ ውስጥ ከቶ መጋገር ጀመረ። ይህ ምግብ ሳይበላሽ የሚቈይና በአንድ እጅ የሚበላ ስለ ሆነ ለጕድጓድ ሠራተኛ እጅግ ተስማማ፤ ዛሬም በዚያ አገር ሁሉ የታወቀ የሕዝብ ምግብ ነው። ልጆችም አባታቸው ማታ ሲመለስ ሮጠው የምሳውን ዕቃ ይቀበሉታል፤ አባት የሆነ ሰው ቢርበውም እንኳ ከዳቦው ጥቂት አስተርፎ ይመለስ ነበርና።

ብዙዎቹ ሴቶች ከቤተ ሰባቸው ሌላ ብቻቸውን የመጡትን ወጣቶች በቤታቸው ያሳድሩ ነበር። ለእነርሱ ማብሰል፥ ልብሳቸውን ማጠብ፥ ውኃ መቅዳት፥ በከሰል ትቢያ የጠቈረውን ሸሚዝ በሳሙናና በፈላ ውኃ ማሸት የሴቲቱ ድርሻ ነው። ከቤቱ ጓሮ ትንሽ አትክልት ትተክላለች፤ ዶሮ ታረባለች፤ ኢጣሊያናዊት የሆነች እንደ ሆነ በደጅዋ የጭቃና የድንጋይ ምድጃ ሠርታ ለጎረቤቶችዋ ጭምር ዳቦ ትጋግራለች። ማታ ባልዋ ፊቱ ጠቍሮ ሲገባ፥ ከእሳቱ አጠገብ በገንዳ ውኃ አሙቃ ጀርባውን ታጥበዋለች። ይህ የየማታው መታጠብ በከሰል ከተማ ውስጥ እንደ ጸሎት ያለ ነገር ነበረ፤ የዛሬው ቀን በደኅና አለፈ ማለት ነውና።

በመዝገብ ያልተጻፈ ሰው

አሁን ወደ ጕድጓዱ ሥራ ጥቂት እንግባ፤ የታሪኩ ፍሬ ያለው በዚህ ነውና። እያንዳንዱ ቈፋሪ ቍጥር ነበረው። ሠረገላውን በከሰል በሞላ ጊዜ ቍጥሩ የተቀረጸበትን የናስ ምልክት በላዩ ያንጠለጥላል። ከጕድጓዱ አፍ ያለው ጸሐፊም የሠረገላውን ልክ አይቶ በቍጥሩ ይጽፍለታል። ሠራተኛው የሚከፈለው በቀን ሳይሆን ባወጣው ከሰል ልክ ስለ ሆነ፥ ብዙ ለማውጣት ሲል የገዛ ልጁን ወይም ወንድሙን፥ ወይም አዲስ የመጣ ያገሩን ልጅ ይዞ ይገባል። የረዳቱም ሥራ የሚጻፈው በእርሱ ቍጥር ነው፤ ደመወዙም በእርሱ እጅ ያልፋል። ስለዚህ ከምድር በታች ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የሚውል፥ በኵባንያው መዝገብ ግን ስሙ የሌለ ሰው ብዙ ነበረ።

ይህ አሠራር በደኅናው ቀን የማይጎዳ ይመስላል። ሥራው ይሠራል፤ እንጀራው ይገኛል። መዝገብ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ግን በክፉ ቀን ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓመተ ምሕረት

ዕለቱ ዓርብ፥ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 6 ቀን 1907 ነበረ። የፌርሞንት ከሰል ኵባንያ በሞኖንጋ 6 ቍጥርና 8 ቍጥር የሚባሉ፥ ከምድር በታች እርስ በርሳቸው የሚገናኙ ሁለት ጕድጓዶች ነበሩት። በዘመኑ አስተሳሰብ ኋላ የቀሩ አልነበሩም፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያና አየር የሚያናፍሱ ትልልቅ ሞተሮች ነበሩባቸው። ነገር ግን በከሰል ጕድጓድ ውስጥ ሁለት የተሰወሩ ጠላቶች አሉ፤ አንደኛው ከከሰሉ እየተነነ የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ ሁለተኛው በአየር ላይ የሚንሳፈፈው የከሰሉ ደቂቅ ትቢያ ነው። ጋዙ በአንዲት ብልጭታ የተያዘ እንደ ሆነ ትቢያውን ያነሣዋል፤ ትቢያውም ራሱ እንደ ባሩድ እየነደደ ከመንገድ ወደ መንገድ ይሮጣል።

ከጧቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ምድር ተናወጠች። ፍንዳታው የ8 ቍጥሩን ጕድጓድ አፍና የማናፈሻውን ቤት አፈራረሰ። እሳቱ እንዴት እንደ ተነሣ መርማሪዎች እስከ መጨረሻው በአንድ ቃል ሊስማሙበት አልቻሉም። አንዳንዶች ከሰል የጫኑ ሠረገላዎች በ6 ቍጥር በኩል ተበጥሰው ወደ ውስጥ ቍልቍል ሲወርዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቈርጠው ብልጭታ አስነሡ አሉ፤ አንዳንዶችም የከሰሉን ግድግዳ ለማፍረስ የተተኰሰ ባሩድ ያለ ቅጥ ስለ ፈነዳ ነው አሉ።

ሴቶቹ ድምፁን በሰሙ ጊዜ ሊጡን ከገበታው፥ ልብሱን ከገንዳው ትተው ወደ ጕድጓዱ ሮጡ። በዚያ ቀን የነበሩ ሰዎች እንደ መሰከሩት፥ በየቋንቋቸው የባሎቻቸውንና የልጆቻቸውን ስም ይጠሩ ነበር፤ ጠጕራቸውን የነጩ፥ ፊታቸውንም በጥፍራቸው የቧጨሩ ነበሩ። ይህ የኀዘን ሥርዓት በእኛም አገር የታወቀ ስለ ሆነ አንባቢዎቻችን ሊያስረዱን አያስፈልግም፤ ኀዘን አስተርጓሚ አይሻምና።

ሊያድኑ የገቡት ሰዎች ለመተንፈሻ የሚሆን መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ከፍንዳታ በኋላ በጕድጓዱ የሚቀረውም ጋዝ ሳይሸት የሚገድል መርዝ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ገብተው ይወጣሉ፤ ሌሎች ይተካሉ። ከጥቂቶች በቀር በሕይወት የወጣ አልነበረም። ከተረፉት አንዱ ፖላንዳዊ ሲሆን፥ የተገኘው በሞተው ወንድሙ ሬሳ ላይ ተቀምጦ ነበረ። እርሱም ከዚያ ቀን አመለጠ እንጂ ከጕድጓዱ አላመለጠም፤ ከዓመታት በኋላ በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ሞተ። በከተማይቱ ውስጥ ሥራው ገና ያላለቀ የባንክ ቤት የሬሳ ማኖሪያ ሆነ፤ የሬሳ ሣጥኖችም በዋናው መንገድ ዳር ለዳር ተደረደሩ። በኮረብታው ላይ በክረምት ብርድ የጠነከረውን መሬት እየሰበሩ ብዙ መቃብር በአንድነት ቈፈሩ።

የዚያ ወር መከራ በሞኖንጋ ብቻ አላበቃም። ዲሴምበር 19 ቀን በጎረቤቱ በፔንስልቬንያ ግዛት ዳር የሚባለው የከሰል ጕድጓድ ፈንድቶ 239 ሰዎች ሞቱ። በዚህ ጕድጓድ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ በአሮጌው አቈጣጠር በዓል የሚያከብሩ የምሥራቅ ሥርዓት ክርስቲያኖች ነበሩና፥ ዕለቱ የቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ስለ ነበረ ከሥራ ቀርተው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፤ በዚህም ምክንያት ዳኑ። በዚያ በ1907 በመላው አሜሪካ በከሰል ጕድጓድ የሞቱት ሠራተኞች 3,242 ሆነው ተቈጠሩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ዓመት አልታየም።

ቍጥሩና ቤቱ

በሞኖንጋ የሞቱት በይፋ የተቈጠሩት 362 ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ 171ዱ ኢጣሊያኖች ነበሩ። ነገር ግን ይህን ቍጥር እውነተኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በከተማይቱ ውስጥ አልነበረም። በሌላ ሰው ቍጥር ሥር ሲሠሩ የነበሩት ረዳቶችና ልጆች በየትኛው መዝገብ ይገኛሉ? ሚስት ወይም እናት በአጠገቡ ያለችው ሰው ተፈለገ፤ ተለቀሰለትም። ብቻውን ባሕር ተሻግሮ የመጣው ግን፥ እናቱ በሞሊዜ ተራራ ላይ ሆና ደብዳቤ ስትጠብቅ ስንት ዓመት እንደ ኖረች ማን ያውቃል? ታሪኩን በሰፊው የመረመሩት፥ በዚያው አገር የተወለዱት ዴቪት መካቲር የሚባሉት የሕግ ዐዋቂ፥ በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ የሟቾቹ ቍጥር ከተነገረው እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አስረድተዋል።

ከሞቱት በኋላ 250 ያህል መበለቶችና ከአንድ ሺህ በላይ አባት የሌላቸው ልጆች ቀሩ። በዚያ ጊዜ በዌስት ቨርጂኒያ በሥራ ላይ ለሞተ ሰው ቤተ ሰብ ካሣ የሚያስከፍል ሕግ አልነበረም፤ ሕጉ የወጣው በ1913 ነው። ስለዚህ መበለቶቹ የተረዱት በምጽዋት ነበር፤ ከልዩ ልዩ አገር ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ተዋጥቶ ተከፋፈለላቸው። ምጽዋት መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ምጽዋት እንደ ዝናብ ነው፤ አንድ ጊዜ ጥሎ ያልፋል፤ የቤት ጭንቅ ግን ዘወትር ነው። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወዳገራቸው ተመለሱ። የቀሩት ልብስ እያጠቡ፥ እንግዳ ሠራተኞችን እያሳደሩ፥ ጓሮአቸውን እየኰተኰቱ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ከእነዚያም ልጆች ብዙዎቹ አባታቸውን ወደ ገደለው ሥራ ገቡ፤ በሸለቆው ውስጥ ሌላ እንጀራ አልነበረምና።

የከሰሉ ኮረብታ

ከመበለቶቹ መካከል የባልዋ ሬሳ ያልተገኘላት አንዲት ኢጣሊያናዊት ነበረች። መቃብር ሄዳ የምታለቅስበት ድንጋይ አልነበራትም። ከተማይቱ እስከ ዛሬ እንደምትተርከው፥ ይህች ሴት በየቀኑ ወደ ጕድጓዱ እየሄደች አንድ ጆንያ ከሰል በጀርባዋ ተሸክማ ትመለስ ነበር። ጎረቤቶችዋ ለማገዶ መስሎአቸው ነበር፤ እርስዋ ግን አንዲት ፍም እንኳ ከእርሱ አላነደደችም፤ ከቤትዋ አጠገብ ትከምረው ነበር። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ቢጠይቋት፥ በባልዋ ላይ የተጫነውን ሸክም ለማቅለል መሆኑን ነገረቻቸው። 29 ዓመት እንዲህ አደረገች፤ ክምሩም እንደ ኮረብታ ሆነ።

ይህን ነገር የሚሰማ ሰው የአእምሮ መናወጥ ነው ሊል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ሕግ ሊያደርግላት የሚገባውን ስላላደረገላት፥ መዝገብም ሬሳውን ስላላገኘላት፥ ሴቲቱ ባላት በገዛ ጀርባዋ ፍርድ ሠራች። በአንድ በኩል የኵባንያው ሠረገላ ከሰሉን ለዋጋ ያወጣል፤ በሌላው በኩል አንዲት መበለት ስለ ፍቅር ታወጣዋለች። ከሁለቱ ሥራ ለታሪክ የቀረው የማንኛው እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ይፍረዱ።

የአባቶች ቀን

ከፍንዳታው ሰባት ወር በኋላ፥ ጁላይ 5 ቀን 1908፥ እሑድ፥ በፌርሞንት በሚገኝ የሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን ስለ አባቶች መታሰቢያ ጸሎትና ስብከት ተደረገ። ይህ እንዲደረግ መጋቢውን የለመኑት ግሬስ ጎልደን ክሌይተን የሚባሉ ወይዘሮ ናቸው። የገዛ አባታቸው ሞተውባቸው ነበር፤ በሞኖንጋም ያለ አባት የቀሩት ልጆች ብዛት ልባቸውን ነክቶት ነበር። የእናቶች ቀን በዚያው ግዛት በግራፍተን ከተማ ከሁለት ወር በፊት ተከብሮ ነበርና፥ ለአባቶችም አንድ ቀን ይገባል አሉ።

ያ በዓል በዋዜማው ከዋለው ከአሜሪካኖች የነጻነት በዓል የተነሣ ሳይታወቅ ቀረ፤ በየዓመቱም አልተደገመም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1910 በዋሽንግተን ግዛት በስፖኬን ከተማ ሶኖራ ዶድ የሚባሉ ሌላ ወይዘሮ ባስነሡት አሳብ የአባቶች ቀን ተከበረ፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው ከዚያ የተስፋፋው ነው፤ በ1972ም በአሜሪካ በሕግ ጸደቀ። ነገር ግን የመጀመሪያው እሑድ የዋለው በከሰል አገር፥ የሟቾቹ ልጆች ገና ጥቍር ልብሳቸውን ሳያወልቁ ነበረ።

መታሰቢያውና ሕጉ

በ1956 ኤቨረት ብሪግስ የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ ወደ ሞኖንጋ ተሾመው መጡ። ከዚያ በፊት በጃፓን አገር ሰባኪ ሆነው የነበሩና በጦርነቱ ዘመን የታሰሩ ሰው ናቸው። በሞኖንጋ የሟቾቹ ስም የተረሳ መሆኑን ባዩ ጊዜ ዝም ሊሉ አልቻሉም። በመጀመሪያ በ1961 ለሟቾቹ መታሰቢያ እንዲሆን ለሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት አቋቁመው በቅድስት በርባራ ስም ሰየሙት። ቅድስት በርባራ በምዕራባውያን ዘንድ የማዕድን ቈፋሪዎች ጠባቂ ትባላለች፤ በእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 8 ቀን የምትታሰበው ሰማዕት ናት። ቀጥለውም የመበለቶቹ መታሰቢያ እንዲቆም እስከ እርጅናቸው ድረስ ደከሙ። በ2006 መጨረሻ፥ 98 ዓመት ሆኖአቸው፥ ሐውልቱን ሳያዩ ዐረፉ።

ሐውልቱ በ2007፥ በመቶኛው ዓመት ቆመ። ከኢጣሊያ ከካራራ በመጣ ነጭ እብነ በረድ የተቀረጸ ሲሆን፥ የተቀረጸው የቈፋሪ መልክ አይደለም፤ ልጅዋን የያዘች እናት ናት። የሞሊዜ አውራጃ ሕዝብም ለሞቱት ልጆቹ መታሰቢያ ደወል ላከ፤ በከተማይቱ አደባባይ ይገኛል። በ2009 የኢጣሊያ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ጆርጆ ናፖሊታኖ ለሟቾቹ የሥራ ክብር ኒሻን ሰጡ። ክብሩ ቢዘገይም መጣ።

ይሁን እንጂ ከሐውልት የሚበልጥ መታሰቢያ ሕግ ነው። ከሞኖንጋና ከዳር መከራ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በ1910 የማዕድንን ሥራ የሚመረምር መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ነገር ግን ሥልጣኑ ደካማ ነበረ። ኖቬምበር 20 ቀን 1968 በዚያው ወረዳ፥ በፋርሚንግተን አጠገብ ሌላ ጕድጓድ ፈነዳ። በውስጡ ከነበሩት 99 ሰዎች 21 ወጡ፤ 78 ሞቱ፤ የ19ኙ ሬሳ ከዚያ ሳይወጣ ቀረ። በዚህ ጊዜ መበለቶቹ ማልቀስ ብቻ አልሆነም፤ ሹማምንቱ ዘንድ ቀርበው ሕግ ጠየቁ። በ1969 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ የከሰል ጕድጓድ በየዓመቱ አራት ጊዜ እንዲመረመር፥ የትቢያው ልክ እንዲወሰን፥ ሕግ የጣሰ እንዲቀጣ፥ ሳንባው በከሰል ትቢያ ለጠቈረበትም ሠራተኛ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። በ1907 ከ3 ሺህ በላይ የነበረው የሟቾች ቍጥር ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ በየዓመቱ ከ20 ያነሰ ሆኗል። ግማሹ ምክንያት የሠራተኛው ማነስ ነው፤ ግማሹ ግን ያለ ጥርጥር የሕጉ ፍሬ ነው። የሳንባው በሽታ ግን ዛሬም በወጣቶቹ ቈፋሪዎች ላይ እንደ ገና ተነሥቶ ሐኪሞችን እያሳሰበ ይገኛል።

ከሰል ያነሰባት ከተማ

የከሰሉ ዘመን እየተፈጸመ ሄደ። መጀመሪያ መሣሪያ የሰውን እጅ ተካ፤ ቀጥሎም የተፈጥሮ ጋዝ የከሰሉን ገበያ ወሰደ። በዌስት ቨርጂኒያ በአንድ ወቅት ከመቶ ሺህ በላይ የነበሩት የከሰል ሠራተኞች ዛሬ ከኻያ ሺህ ያነሱ ናቸው። ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ወጡ።

ከዚያ ከወጡት አንዱ በአሜሪካኖች ዓይነት እግር ኳስ ከታወቁት አሠልጣኞች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ኒክ ሴበን ነው። በሞኖንጋ ትምህርት ቤት ተጫዋች ሳለ፥ በዚያው በ1968 ትምህርት ቤቱ የግዛቱን ዋንጫ አገኘ። እርሱ ራሱ ብዙ ጊዜ እንደ ተናገረው፥ ልጅ ሳለ በመዝሙር ትምህርት ዝቅተኛ ነጥብ ቢያመጣ፥ ቤንዚን ማደያ የነበራቸው አባቱ አልገረፉትም፤ ወደ ከሰል ጕድጓድ ጥልቀት አውርደው አሳዩትና ኑሮው እንዲህ እንዲሆን ይወድድ እንደ ሆነ ጠየቁት። ልጁም ትምህርቱን አጠበቀ። በከሰል አገር አባት ለልጁ ከሚሰጠው ምክር ይህ ዋነኛው ነበረ፤ የአያቶቻችንን ሥራ አክብር፤ ነገር ግን አትመለስበት።

ጽሑፋችንን ከመጨረሳችን በፊት ለተከበሩት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። በሞኖንጋ ሕዝቡን ሁለት ጊዜ የጎዳው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም አለመጻፍ ነው። ሰው በመዝገብ ሳይጻፍ ሠራ፤ በመዝገብ ሳይጻፍ ሞተ፤ ልጆቹም የማን ልጆች እንደ ሆኑ ለማስረዳት አቃታቸው። መዝገብ መያዝ ለሚያየው ሰው ደረቅ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን በሥራ ላይ ያለውን ሰው ስሙን ከነአባቱ፥ ሚስቱንና ልጆቹን፥ ያገሩንም ስም በሙሉ የሚጽፍ ጸሐፊ፥ በክፉ ቀን ለአንዲት መበለት የሚቆም ጠበቃ ነው። በየቤታችንም ሆነ በየእርሻችን፥ በየመሥሪያ ቤታችንም ሆነ በየሕንፃ ሥራው ለእኛ የሚደክሙ ሰዎች አሉ። የሁሉንም ስም እናውቃለንን? ቢጎዱ ለማን እንደምንልክ እናውቃለንን?

ያች መበለት 29 ዓመት የተሸከመችው ከሰል ሌሎች ያልተሸከሙት ዕዳ ነበረ። በጊዜው አንድ መስመር ተጽፎ፥ አንድ ሕግ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ የእርስዋ ጀርባ ባልጎበጠም ነበር።